ስለ ሕንፃ ሥራ ድምፅና ስለ ጐረቤት ዕረፍት

(በሬዲዮ የተነገረ)

በአዲስ አበባ ከተማ ውስጥ የሕንፃ ሥራ ድምፅ የማይሰማበት ሰፈር ፈልጎ ማግኘት ዛሬ እጅግ የሚያስቸግር ነገር ሆኗል። በአንደኛው ወገን የቆየው ቤት ይፈርሳል፤ በሌላው ወገን መሠረት ይቈፈራል፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የሶሌታ ሙሌት ይካሄዳል። ይህ ሁሉ የዕድገት ምልክት ስለ ሆነ የሚያስደስት እንጂ የሚያሳዝን አይደለም። ቤት የሌለው ቤት ያገኛል፤ የቀን ሠራተኛው የዕለት እንጀራውን ያገኛል፤ ከተማውም ያምራል። ነገር ግን መዶሻው ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት መመታት ሲጀምር፥ ከግድግዳው ወዲያ የተኛው ሕፃን፥ አልጋ የያዘው ሕመምተኛና በነጋታው በመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ፊት የሚቀርበው የመንግሥት ሠራተኛ ከዚህ ዕድገት የሚደርሳቸው ድርሻ ዕንቅልፍ ማጣት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ድምፅ ያለው የሕንፃ ሥራ በየትኛው ሰዓት ቢሠራ ተገቢ እንደ ሆነ፥ ምክንያቱንም ጭምር፥ ዛሬ ባጭሩ እናስረዳለን።

ጉዳዩ ለሁሉም የሚጠቅም ቢሆንም ለመንግሥት ሠራተኛ በሦስት በኩል ይመለከተዋል። አንደኛ፥ እርሱ ራሱ በሰፈር የሚኖርና ሌሊት መተኛት የሚያስፈልገው ሰው ነው። ሁለተኛ፥ በማኅበር ተደራጅቶም ሆነ በግሉ ቆጥቦ፥ አንድ ቀን ቤት ሠሪ መሆኑ አይቀርም። ሦስተኛ፥ የሥራ ፈቃድ የሚጽፈው፥ ሥራውን የሚቈጣጠረውና የጐረቤትን አቤቱታ የሚቀበለው ከመንግሥት ሠራተኞች አንዱ ነው። እንግዲህ የምንናገረውን ነገር እያንዳንዳችሁ በሦስቱም ወንበሮች ላይ ተቀምጣችሁ እንድትመዝኑት እንለምናችኋለን።

ለዚህ ነገር ምስክር ለማምጣት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግቢዬ ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ለማሠራት ከአንድ ግንበኛ ጋር በቁርጥ ዋጋ ተዋዋልኩ። ሥራው በቁርጥ ስለ ሆነ ሠራተኞቹ ቶሎ ጨርሰው ወደ ሌላ ሥራ ለመሻገር ይቸኩሉ ነበር። እኔም ወጪው እንዳይበዛብኝ ከእነርሱ ይልቅ እቸኩል ነበር። የብረት መቁረጫው ገና ጎሕ ሳይቀድ ከሌሊቱ በዐሥር ሰዓት ተኩል ይነሣል፤ እሑድም ቢሆን አያርፍም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ማታ፥ በአጥር የምንዋሰናቸው አንዲት አሮጊት እናት በር አንኳኩተው ገቡ።

«ልጄ፥ ቤትህን ይባርክልህ፥ የጀመርከውን ያስፈጽምህ» ብለው መረቁኝና፥ «አንድ ነገር ልለምንህ ነው የመጣሁት። ባለቤቴ ከታመሙ ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስሉ ያድራሉ። ዕንቅልፍ ሸለብ የሚያደርጋቸው ሊነጋጋ ሲል ነው። ያችኑ ሰዓት ነው ብረቱ የሚወስድባቸው» አሉኝ።

እኔም ደንግጬ፥ «እማማ፥ ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?» ብላቸው፥ «ቤት የሚሠራ ሰው እንዴት ይከለከላል ብዬ አፍሬ ነው» አሉ።

በማግስቱ ከግንበኛው ጋር ተነጋግረን ብረት መቁረጡንና ግድግዳ መብሳቱን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አደረግነው፤ እሑድንም ተውነው። ሥራው ካሰብነው ቀን የዘገየው በአራት ቀን ብቻ ነው። ሕመምተኛው ሽማግሌ ግን ቤቱ ሳይጠናቀቅ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሞታቸው ከሕመማቸው እንጂ ከእኔ ሥራ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። ቢሆንም ከቀሩአቸው ጥቂት ሌሊቶች ውስጥ የሦስቱን ሳምንት ዕንቅልፍ የወሰድኩባቸው እኔ መሆኔን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የወሰድኩባቸውም ለአራት ቀን ትርፍ ነበር። ከዚህ የተማርኩት ነገር ቢኖር የጐረቤት ዝምታ ፈቃድ አለመሆኑን ነው። በሀገራችን ጨዋነት ብዙ ሰው ከሚናገር ይልቅ ችሎ ማለፍን ይመርጣል፤ ስለዚህ ሰዓቱን መጠበቅ የሚገባው ቅሬታ ሲመጣ ሳይሆን አስቀድሞ ነው።

አሁን ወደ ድምፅ ጠባይ እንለፍ። የድምፅ ኀይል የሚለካበት መስፈሪያ ዴሲቤል ይባላል። ይህ መስፈሪያ እንደ ሜትርና እንደ ኪሎ ቀጥ ብሎ የሚቈጠር አይደለም፤ ዐሥር ዴሲቤል በተጨመረ ቍጥር ድምፁ ለሰው ጆሮ በግምት ዕጥፍ ሆኖ ይሰማል። ጸጥ ያለ መኝታ ቤት 30 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ ሁለት ሰዎች ቀረብ ብለው ሲነጋገሩ 60 ያህል ይሆናል፤ በአየር ግፊት የሚሠራው የኮንክሪት መስበሪያ መሣሪያ ግን በአጠገቡ ለቆመ ሰው 100 ገደማ ይደርሳል።

ድምፅ ከምንጩ በራቀ ቍጥር ይደክማል። ገላጣ በሆነ ቦታ ርቀቱ ዕጥፍ ሲሆን ስድስት ዴሲቤል ያህል ይጐድላል። እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በአንድ ሜትር ርቀት ላይ 100 የነበረው ድምፅ በሁለት ሜትር 94፥ በአራት ሜትር 88፥ በስምንት ሜትር 82፥ በ16 ሜትር 76፥ በ32 ሜትር 70 ይሆናል። ወደ 55 ለመውረድ 180 ሜትር ያህል፥ ወደ 45 ለመውረድ ደግሞ ከ550 ሜትር በላይ መጓዝ ይኖርበታል። በመካከል ወፍራም ግንብ ቢኖር ይከላከላል፤ ቀጭን የቆርቆሮ አጥር ግን የሚያስቀረው ጥቂት ነው።

55ና 45 የተባሉትን ቍጥሮች ያነሣነው በከንቱ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300 የድምፅ መጠን የሚወሰንበት ደረጃ እንዲወጣ አዝዞ ነበር። በዚህም መሠረት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባዘጋጀው የደረጃ መመሪያ፥ ለመኖሪያ ሰፈር የተመደበው የድምፅ ልክ በቀን 55፥ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ቀን የተባለው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን፥ ሌሊት የተባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከላይ በሠራነው ሒሳብ እንዳያችሁት፥ የኮንክሪት መስበሪያው በሚሠራበት ግቢ አጠገብ ላለ ጐረቤት በቀኑም ልክ ቢሆን መድረስ የማይቻል ነው። ቍጥሩ ብቻ ይጠበቅ ቢባል በከተማ ውስጥ አንድም ሕንፃ ሊሠራ አይችልም፤ ቍጥሩ ጨርሶ ይተው ቢባል ደግሞ ማንም ሰው ሊተኛ አይችልም። ስለዚህ በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ከተሞች የሚከተሉት መካከለኛ መንገድ አለ። እርሱም ድምፁን መቀነስ እስከ ተቻለ ድረስ መቀነስ፥ ያልተቻለውን ደግሞ በሰዓት መወሰን ነው። ድምፁን ማጥፋት ባይቻል፥ ጐረቤት ሊታገሠው በሚችልበት ሰዓት እንዲሆን ማድረግ ግን ይቻላል ማለት ነው።

ሌሊቱ ከቀኑ ይልቅ የሚጠበቅበት ምክንያት ግልጥ ነው። በቀን የመኪናው፥ የገበያውና የልጆቹ ድምፅ ስለሚበዛ የመዶሻው ድምፅ ከዚያ ጋር ይደባለቃል፤ በሌሊት ግን ሁሉ ነገር ጸጥ ስለሚል ያው መዶሻ ለብቻው ጎልቶ ይወጣል። ከዚህም በላይ የተኛ ሰው ባይነቃም እንኳ ሰውነቱ ድምፁን ይሰማል፤ የልብ ትርታው ይፈጥናል፤ ከባድ የነበረው ዕንቅልፍ ይቀልበታል። ጠዋት ሲነሣ «ሌሊቱን ተኝቻለሁ» ይላል፤ ነገር ግን ድካሙ አልወጣለትም። የዓለም የጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ፥ ለሰው ጤንነት ከቤት ውጭ የሚሰማው የሌሊት ድምፅ በዓመቱ አማካይ ከ40 ዴሲቤል ባይበልጥ እንደሚሻል ገልጿል። በመሥሪያ ቤት ውስጥ ፋይል ሲያገላብጥ የሚያንጐላጅ፥ ባለጉዳይ ሲያነጋግር የሚቈጣ ሠራተኛ ብታዩ፥ ጥፋቱን ሁሉ በጠባዩ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ሌሊቱን በሰፈሩ ምን ሲሠራ እንዳደረ መጠየቅ መልካም ነው።

ሕጋችንም ስለ ጐረቤት ዕረፍት ካሰበ ሰንብቷል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1225፥ ባለሀብት የሆነ ሰው በሀብቱ ሲገለገል ጐረቤቱን እንዳይጐዳና እንዳያውክ፥ ጢስን፥ ጥላሸትን፥ መጥፎ ሽታን፥ ድምፅንና መነቃነቅን ከመልካም ጉርብትና ልክ አሳልፎ እንዳያደርስበት ይከለክላል። ልኩ ሲመዘንም የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታ እንዲታይ ያዛል። ይህ አነጋገር ጥበብ ያለበት ነው። ሕጉ «ድምፅ አይሰማ» አላለም፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ አይለፍ አለ እንጂ። ልኩ ምን እንደ ሆነ የሚያውቀውም ሰፈሩ ነው። በአንዱ ሰፈር እሑድ ጠዋት የቅዳሴ ሰዓት ነው፤ በሌላው ዓርብ ቀትር የጁምዓ ሰዓት ነው፤ በሁሉም ሰፈር ሌሊት የዕንቅልፍ ሰዓት ነው።

በሌሎች ሀገሮች የተደረገውን ብንመለከት ለእኛ ትምህርት ይሆናል። ሰዓቱን የምንነግራችሁ በሀገራችን አቈጣጠር ነው። በእንግሊዝ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የብክለት መቈጣጠሪያ ሕግ ለከተማ ምክር ቤቶች የሕንፃ ሥራ ድምፅን በሰዓት የመወሰን ሥልጣን ሰጥቷል። በዚህም ሥልጣን ብዙዎቹ ምክር ቤቶች ድምፅ ያለውን ሥራ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት፥ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ወስነው፥ እሑድንና በዓላትን ዝም እንዲባል አድርገዋል። በጀርመን ሀገር እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ደንብ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ያለውን ጊዜ ሌሊት ብሎ በጥብቅ ይጠብቀዋል። ሕንፃዎች እጅግ ተጠጋግተው በሚቆሙባት በሆንግ ኮንግ ከተማ ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት፥ በበዓላትም ቀን፥ በሞተር የሚሠራ የሕንፃ መሣሪያ ያለ ልዩ ፈቃድ ሊነሣ አይችልም። ሰዓቱ በየሀገሩ ጥቂት ይለያይ እንጂ መንፈሱ አንድ ነው፤ ሌሊቱና የዕረፍቱ ቀን የሰፈሩ ነው፥ ቀኑ ግን የሥራው ነው።

በዚህ ጊዜ ቤት ሠሪው፥ ሥራ ተቋራጩም፥ «ይህ ሁሉ ለመናገር ቀላል ነው፤ ሥራው ግን ሰዓት አይጠብቅም» ሊል ይችላል። አባባሉ ከፊሉ እውነት ስለ ሆነ መመርመር ይገባናል።

እውነት የሆነው ክፍል ኮንክሪትን የሚመለከት ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ከተገናኘ በኋላ ብዙ ሳይቆይ መጠንከር ይጀምራል፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል። ሶሌታ እየተሞላ በመካከሉ ቢቋረጥ፥ የቀደመው ደርቆ የኋለኛው በላዩ ሲፈስ ሁለቱ በሚገባ ስለማይያያዙ በዚያ በኩል ድክመት ይቀራል። ስለዚህ የተጀመረ ሙሌት መጨረስ አለበት። ከቀኑ በዐሥራ አንድ ሰዓት ሚክሰሩ ተበላሽቶ ወይም መብራት ጠፍቶ የተጓተተ ሙሌት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ቢዘልቅ፥ ጐረቤት ሊታገሥ የሚገባው ነገር ነው። ነገር ግን ይህ ችግር ድንገተኛ እንጂ የየዕለት ልማድ ሊሆን አይችልም። ሙሌቱን ማለዳ የጀመረ፥ ሲሚንቶውንና ጠጠሩን በዋዜማው ያሰናዳ ተቋራጭ በአብዛኛው በቀን ይጨርሰዋል። ብረት መቁረጥን፥ ካሳፎርም መንቀልንና ግድግዳ መብሳትን ግን በሌሊት እንዲሆን የሚያስገድድ ምንም የሲሚንቶ ሕግ የለም።

ሁለተኛው ምክንያት የጭነት ነገር ነው። በከተማ ውስጥ የከባድ መኪና እንቅስቃሴ በቀን ሲገደብ፥ አሸዋውና ድንጋዩ ወደ ሌሊት ይሻገራል። ይህ ዛሬ የተፈጠረ ችግር አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ገደማ፥ በዩልዮስ ቄሣር ዘመን፥ በሮም ከተማ ጋሪ ከፀሐይ መውጫ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። በዚህም የቀኑ መጨናነቅ ሲቀል ሌሊቱ በጋሪ ድምፅ ተሞላ፤ ከመቶ ዓመት ተኩል ያህል በኋላ የነበረው ጁቬናል የተባለው ባለቅኔም በሮም መተኛት የሚችል ባለጸጋ ብቻ ነው ብሎ እስከ መሳለቅ ደርሷል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን፥ ያው የሮም ሕግ ለቤተ መቅደስና ለሕዝብ ሕንፃ ዕቃ የሚያመላልሱትን ጋሪዎች ከክልከላው ነጻ ማድረጉ ነው። ከዚህ የምንማረው፥ አንዱን ሰዓት የሚዘጋ ውሳኔ ሌላውን ሰዓት እንደሚከፍት ነው። ስለዚህ የትራፊክ ሰዓትን የሚወስነውና የሕንፃ ሥራን ሰዓት የሚወስነው ክፍል ተነጋግረው ቢሠሩ፥ ጭነቱ እኩለ ሌሊት ሳይሆን በምሽቱ መጀመሪያ እንዲራገፍ ሰዓት ማበጀት አያቅታቸውም። ድንጋይና ፌሮ ከመኪና ላይ ሲወረወር የሚያሰማው ድምፅ ከመዶሻው የማያንስ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል።

ሦስተኛው ምክንያት የሠራተኛው ደመወዝ ነው። «ሰዓት ከተቀነሰ የቀን ሠራተኛው ይጐዳል» የሚለው ሐሳብ በርኅራኄ የተነገረ ይመስላል። ሒሳቡ ግን ይህን አያሳይም። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፥ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት 10 ሰዓት ይሆናል፤ የምሳና የዕረፍት ሰዓት ቢቀነስለት ስምንቱ ሰዓት ይተርፋል እንጂ አይጐድልም። ከሰኞ እስከ ዓርብ 40 ሰዓት፥ ቅዳሜ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት 5 ሰዓት ቢሠራ 45 ሰዓት ይሆናል። የቀሩትን 3 ሰዓቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድምፅ በሌለው ሥራ መሙላት ይቻላል። እንግዲህ ሌሊቱን የሚፈልገው የሠራተኛው እንጀራ ሳይሆን የባለቤቱ ችኮላ ነው። እንዲያውም ሌሊት ሙሉ ሠርቶ በማግሥቱ በመወጣጫ ላይ የሚቆመው ሠራተኛ ራሱ ዕንቅልፍ ያጣ ሰው ስለ ሆነ፥ ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት፥ ለመኖሪያ ሰፈር ተስማሚ መስሎ የታየንን የሰዓት አከፋፈል ከዚህ በታች እናቀርባለን።

አንደኛ፥ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ድምፅ የሌለው ሥራ ይሠራበታል። ልክ መውሰድ፥ ፌሮ በሽቦ ማሠር፥ የተሞላውን ኮንክሪት ውሃ ማጠጣት፥ አሸዋ መንፋት ይቻላል።

ሁለተኛ፥ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ማናቸውም ተራ የሕንፃ ሥራ ይካሄዳል።

ሦስተኛ፥ ከሁሉ የሚከፋው ድምፅ፥ ይኸውም ኮንክሪት መስበር፥ ግድግዳ መብሳትና ብረት በመኪና መቁረጥ፥ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት፥ ከሰዓት በኋላም ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢወሰን ይመረጣል። በቀትር ያለው ሁለት ሰዓት ለሕፃናትና ለሕመምተኞች የዕረፍት ጊዜ ይሆናል።

አራተኛ፥ ቅዳሜ ድምፅ ያለው ሥራ በቀኑ 7 ሰዓት ያበቃል፤ እሑድና በበዓላት ቀን መሣሪያ አይነሣም።

አምስተኛ፥ ከዚህ ሰዓት ውጭ መሥራት ግድ ሲሆን፥ ቤት ሠሪው ምክንያቱን፥ ቀኑንና የሚያበቃበትን ሰዓት ከሁለት ቀን በፊት ለጐረቤቶቹ ያሳውቃል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለናል። የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስና የጥበቃ ሠራተኛ የሚተኙት በቀን ነው፤ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ጸጥታ የሚፈልገው ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ የሰዓት ሠንጠረዥ የሁሉንም ችግር ሊያውቅ አይችልም። ጐረቤቱን አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ግን ያውቃል። «ማክሰኞ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ግድግዳ እንበሳለን» የሚል አንድ ወረቀት በበር ላይ ቢለጠፍ ነርሷ ያን ቀን ከእኅቷ ቤት ልትተኛ፥ ተማሪውም ወደ ቤተ መጻሕፍት ሊሄድ ይችላል። ሰው የሚያውቀውን ድምፅ ይታገሣል፤ የሚያስመርረው መቼ እንደሚያቆም የማያውቀው ድምፅ ነው።

የመንግሥት ሥራም ከዚህ ሥርዓት ውጭ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሥራ በቀንና በሌሊት ሲካሄድ አይተናል። በዋና መንገድ ላይ የሚሠራ ሥራ በሌሊት ቢሆን የቀኑን ትራፊክ ስለማያውክ የሚደገፍበት ምክንያት አለ። ነገር ግን ለሕዝብ ጥቅም የሚሠራ ሥራ ለሕዝቡ አስቀድሞ ቢነገር ይበልጥ ይወደዳል እንጂ አይዘገይም።

እንግዲህ ቤት የምትሠሩ ሁሉ፥ ከግንበኛውና ከተቋራጩ ጋር ስትዋዋሉ ዋጋውንና ቀኑን እንደምትጽፉ ሰዓቱንም በውሉ ውስጥ ጻፉ። ፈቃድ የምትሰጡና የምትቈጣጠሩ ሹማምንት፥ በፈቃዱ ላይ የሥራው ሰዓት እንዲሰፍር አድርጉ፤ ያልተጻፈ ሰዓት ለተቈጣጣሪውም ለተከሳሹም አስቸጋሪ ነውና። ጐረቤት የሆናችሁም፥ በተገቢው ሰዓት የሚሠራውን ሥራ ታገሡ፤ ነገ የእናንተም ተራ ነው። ሰዓቱ ሲያልፍ ግን እንደ እኔ ጐረቤት ሦስት ሳምንት አትጠብቁ። በጨዋ አነጋገር፥ በመጀመሪያው ቀን፥ በር አንኳኩታችሁ ንገሩ። ቤት የሚሠራ ሰው አይከለከልም፤ ሰዓቱን ቢነግሩት ግን ያደምጣል።